የጋሽ ኤርካሎ ፊርማ

በየከተማው፣ ተማሪው ሲመረቅ ማየት የማይወድ አስተማሪ አይጠፋም። መኪና መንዳት ከሚያስተምሩት መሀል አለ፤ ልብስ ስፌት ቤት አለ፤ መዘምራን ዘንድማ ሁለት ሦስት አይታጣም። ያስተምራል፣ ይደክማል፣ ያለውን ሁሉ ሳይሰስት ይሰጣል። "አሁንስ በቃሁ ወይ?" ያሉት ቀን ግን ፊቱ ይለዋወጣል። ወላይታ ሶዶ የእነዚህን ሁሉ አለቃ ይዛ ትኖር ነበር፦ የአማተር ሬዲዮ ከፍተኛ አሠልጣኝ፣ የአየር ሞገድ ጠባቂ፣ የአራት ተማሪዎች ጠቅላይ አዛዥ፣ ክቡር ጋሽ ኤርካሎ ጩማ።

አማተር ሬዲዮ ዜናና ዘፈን የሚሰማበት አይደለም። ፈቃድ ያለው ሰው ከቤቱ ተቀምጦ፣ በሌላ አገር ካለ እንደሱው ፈቃድ ካለው ሰው ጋር የሚያወራበት ነው። ክቡርነታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት በሬዲዮ ኦፕሬተርነት አገልግለው ጡረታ ሲወጡ፣ ጉድጓድ ሊያስቆፍር መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሬዲዮውን ትቶላቸው ሄደ። እሳቸውም ጓሮ ባለችው ክፍል ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝተው፣ የአንቴናውን ሽቦ ከባሕር ዛፉ እስከ አቮካዶው ወጥረው ተቀመጡ። አንድ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር "ይህ ሽቦ ከማን ጋር ነው የሚያገናኝዎት?" ብለው ሊያጣሩ መጡ። ጋሽ ኤርካሎ በመስታወት የተሰቀለውን ፈቃዳቸውን አሳዩዋቸውና ስለ አየር ሞገድ ከመጀመሪያው ጀምረው ያስረዱ ጀመር። ሊቀመንበሩ ከሦስት ሰዓት በኋላ ወጡ። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ ሲያልፉ ያየ የለም።

ተማሪዎቹ አራት ነበሩ፦ የፊዚክስ መምህርቷ ሜላት፣ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኙ ባዳቾ፣ በቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የሚጫወተው ቃለሕይወት፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር የሆነው ዘላለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሰበሰባሉ። ፈቃድ የሚገኘው ሐዋሳ ሄዶ በመፈተን ነው፤ ለመፈተን ደግሞ ቅጹ ላይ የአሠልጣኝ ፊርማ ያስፈልጋል። ነገሩ ሁሉ የሚቆመው እዚያች ፊርማ ላይ ነበር።

ዘላለም ሥልጠና በጀመረ በስምንተኛው ወር ቅጹን ይዞ ቀረበ። ጋሽ ኤርካሎ እስኪርቢቶ አውጥተው፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ፣ በሞርስ አንድ መልእክት አንኳኩለት። ሞርስ ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ የመላኪያ ዘዴ ነው። መልእክቱ "መርከቧ እየሰመጠች ነው" የሚል ነበር። ዘላለም ላቡን ጠርጎ፣ "ሠርጉ ተራዝሟል" ብሎ አነበበው።

"ስንት ሰው ነበር መርከቧ ላይ?" አሉ ጋሽ ኤርካሎ።

"እኔ እንጃ ጋሼ።"

"ሁሉም አልቋል። ገና ነህ።" እስኪርቢቶው ወደ ኪስ ተመለሰ።

ባዳቾ የኤሌክትሪኩን ጥያቄ አንድም ሳይስት መለሰ፤ ጥሪ ሲለማመድ ግን እንደ ስልክ "ሃሎ" በማለቱ ስድስት ወር ተራዘመበት። ቃለሕይወት ከሁሉም የበለጠ ጆሮ ነበረው፤ ሞርሱን ከጋሽ ኤርካሎ እኩል ይሰማል፣ እኩል ይመታል። ለእሱም ሰበብ አልጠፋም። "አንተ ታዜመዋለህ። ይህ መዝሙር አይደለም። ገና ነህ።"

ሜላት ግን ቸኩላ አታውቅም ነበር። እስከዚያች ሴትዮ ድረስ።

አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ። ከማዳጋስካር ነው የምትጠራው፤ ስሟ ሮዛ ነው፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። እንግሊዝኛዋ ቀስ ያለና ጥርት ያለ ነበር። ሰው ስታገኝ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዶሮዎቿ ታወራለች። ሰው ካላገኘች ደግሞ "የሚሰማኝ አለ?" ትላለች፤ ትጠብቃለች፤ ደግማ ትጠይቃለች። ሜላት ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ የዚያችን ሴትዮ ወሬ በደብተር ትጽፍ ጀመር። የዶሮዎቹን ስም ሁሉ ታውቃለች። መልስ መስጠት ግን አትችልም፤ ፈቃድ የላትማ።

"ጋሼ፣ እርስዎ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ አንዴ ብቻ። 'አለን፣ እንሰማሻለን' ብዬ ልተዋት።"

"ፈቃድ የሌለው አፍ አየር ላይ አይወጣም።"

"እሺ እርስዎ ይንገሩልኝ።"

"የእኔን ሰላምታ ልንገራት፤ ያንቺን ስትደርሺ ራስሽ ትነግሪያታለሽ። ገና ነሽ እንጂ የማትደርሺ አይደለሽም።"

ሜላት አመነቻቸው። ማታ ማታ የተማሪ ደብተር አርማ ስትጨርስ በማንኪያ ጠረጴዛ እየመታች ሞርስ ተለማመደች። አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ ሄደ። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ሮዛ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። ሜላት ለሦስት ወር በዚያ ሰዓት ማዳመጫውን እያደረገች የሞገዱን ሹክሹክታ ብቻ ሰማች።

ሚያዝያ ላይ ለመምህራን ሥልጠና ሐዋሳ ሄደች። በምሳ ሰዓት ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ ጎራ ብላ የሞርሱ ፈተና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠየቀች። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ አየቻት።

"የምን ሞርስ? ሞርስማ ቀረ።"

"መቼ?"

"ባለፈው ዓመት የካቲት። ለየክለቡ ደብዳቤ ተልኳል እኮ። እናንተ ጋ አልደረሰም?" ኮፒውን አውጥታ ሰጠቻት። ሜላት ቆማ አነበበችው። የሞርስ ፈተና ተሰርዟል። ተፈታኝ የአሠልጣኝ ፊርማም አያስፈልገውም። ከላይ በኩል የጋሽ ኤርካሎ የፖስታ ሳጥን ቁጥር አለ። ወሩን በጣቷ ቆጠረች፤ አሥራ አራት ሆነ። ሮዛ ከመጥፋቷ በፊት በነበሩት አሥራ አንዱ ወራት ውስጥ በፈለገችው ቀን ተፈትና፣ በዚያው ሳምንት ለሮዛ መልስ መስጠት ትችል ነበር።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሁሉም ተቀምጠዋል። የጋሽ ኤርካሎ ባለቤት እትዬ ቦሼ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ይዘው በር ላይ ደርሰዋል። ሜላት ሳትቀመጥ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ይህ ደርሶዎታል?"

ጋሽ ኤርካሎ መነጽራቸውን አላወጡም፤ ማንበብ አላስፈለጋቸውም። "ደርሶኛል" አሉ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"ሕጉ ላላ እንጂ ሥራው አልላላም። ዝግጁ አልነበራችሁም።"

እዚህ ላይ ብትቆም ኖሮ እውነቱ ከእሷ ጋር ነበር። አልቆመችም። ዶሮዎቹ ትዝ አሏት፤ "የሚሰማኝ አለ?" የሚለው ድምፅ ትዝ አላት፤ አፏ ከልቧ ቀደመ።

"ያልተዘጋጀነው እኛ አይደለንም። አንተ ነህ! ብቻህን መቅረት ፈርተህ ነው! ከዚህ ሣጥን በቀር የሚያናግርህ ስለሌለ እኛን እዚህ አሠርኸን!"

ሜላት በዕድሜዋ አባቷን የሚያህል ሰው "አንተ" ብላ አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም ሰማችው። ባዳቾ አንገቱን ደፋ። እትዬ ቦሼ ሳህኑን እንደያዙ በሩ ላይ ቀሩ፤ "የሚያናግርህ የለም" የተባለው ባላቸው ነው፤ አብረዋቸው አርባ ዓመት የኖሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ኤርካሎ መሳቢያቸውን ሳቡ። የአራቱንም ቅጽ አወጡ፤ የየአንዳንዳቸው ከነፎቶግራፉ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። የእስኪርቢቶውን ክዳን ከፈቱና ተራ በተራ፣ የማንንም ስም ሳያነቡ፣ አራቱንም ፈረሙ። ፊርማው ከእንግዲህ እንደማያስፈልግ ሜላትም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ቢሆንም ፈረሙ።

"ቦሼ፣ ጎደሬው ሳይቀዘቅዝ ለልጆቹ አቅርቢላቸው" አሉ።

አንድም ሰው አልበላም።

በግንቦት አራቱም ሐዋሳ ወርደው ተፈተኑ። ሃምሳ ጥያቄ ነበር፤ ዘላለም እንኳ ግማሹ ሰዓት ሳያልቅ ጨርሶ ወጣ። ፈታኙ ውጤቱን አይተው፣ "እናንተን ማነው ያሠለጠናችሁ? እንዲህ ያለ ውጤት አይቼ አላውቅም" አሉ። አራቱ ተያዩ። በመጨረሻ ስሙን የተናገረው ቃለሕይወት ነው፤ እሱም ወደ መሬት እያየ።

ባዳቾ ከአሮጌ ዕቃ ለቃቅሞ አንድ ሬዲዮ ሠራ፤ በሱቁ ጀርባ ተከሉት። ሜላት የመጀመሪያ ጥሪዋን ስታደርግ ቃል አልተምታታባትም። አንድ የማዳጋስካር ሰው መለሰላት። ስለ ሮዛ ጠየቀችው።

"ሮዛ በጥር አረፈች። እዚህ ሁላችንም እናውቃት ነበር" አላት። ቀጥሎም፣ "አንቺ ጎበዝ ኦፕሬተር ነሽ፤ ስንት ዓመትሽ ነው በአየር ላይ?" አለ።

"ሃያ ደቂቃ" አለች ሜላት።

ወደ ጋሽ ኤርካሎ ቤት ግን ማንም አልተመለሰም። በመጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ የሚሌኒየሙ ዓመት መጣ፤ ከዚያ ሞባይሉ መጣ። ዘላለም መኪና እየነዳ የሚያወራበት ስልክ ገዛና ሬዲዮውን ረሳው። ቃለሕይወት አገባ። ጋሽ ኤርካሎና እትዬ ቦሼ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ቆላው፣ ተበላ ወደምትባለው ከተማ፣ ወደ እትዬ ቦሼ ዘመዶች መውረዳቸውን ሜላት የሰማችው ከወራት በኋላ ነው። በትምህርት ቤቷ የሬዲዮ ክበብ አቋቁማ ልጆች ታስተምር ነበር። አንድ ተማሪዋ ጥሪ ሲለማመድ "ሃሎ" አለና ሜላት ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቁ ሲያልፍ ግን የጋሽ ኤርካሎ "ገና ነህ" ትዝ አላት።

በ2003 ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ይቅርታ ልትጠይቅ ቆርጣ በሚኒባስ ተበላ ወረደች። የምትለውን መንገድ ሙሉ አጥንታዋለች። ጋሽ ኤርካሎ ከስተዋል፤ ግን ግቢያቸው መሀል አዲስ አንቴና ሊተክሉ ጉድጓድ አስቆፍረዋል።

"ሳሮ፣ ሜላት" ብለው በወላይትኛ ሰላም አሏት። " በደህና ጊዜ መጣሽ። ያንን ገመድ ያዢ።"

"ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎ…"

"ወደ ግራ ሳቢው። ወደ ግራ! ፊዚክስ ነው የምታስተምሪው ወይስ ስፖርት?"

ሦስት ሰዓት ገመድ ያዘች። "ጋሼ" ባለች ቁጥር አንድ ሚስማር ይጠፋል፣ አንድ ቋጠሮ ይላላል። አሥር ሰዓት ሲል የመጨረሻው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ። እትዬ ቦሼ፣ "እደር፣ አልጋ አለ" ብለው ለመኑ፤ አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ዓይን ነው የሚያየው። ሜላት በማግስቱ ክፍል ነበራትና አልቆየችም። ጋሽ ኤርካሎ እስከ በር ሸኟት። የተራራውን ደን እያሳዩ በምን ዓመት እንደተተከለ ነገሯት፤ እጇን ረዘም አድርገው ይዘው ቆዩና ለቀቋት። ሌላ ጊዜ እመጣለሁ ብላ ተሳፈረች።

ሌላ ጊዜ የመጣችው በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ፣ ለእሳቸው ለቅሶ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ አራቱም ተገናኙ። ከዚያ ባዳቾ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔ አምና መጥቼ ነበር። ይቅርታ ልላቸው። ባትሪ አስጠገኑኝና ተመለስኩ" አለ።

"እኔን ጣሪያ ላይ አወጡኝ" አለ ዘላለም።

ቃለሕይወትም እንዲሁ መጥቶ ሽቦ ሲጠቀልል ውሎ ነበር የተመለሰው። አራቱም አንዱ የሌላውን ሳያውቅ መጥተዋል፤ አራቱም ሳይናገሩ ተመልሰዋል። ሜላት ሳቅ እንዳያመልጣት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ዓይኗ ግን በእንባ ተሞልቷል።

እትዬ ቦሼ ሰምተዋቸው ኖሮ መጥተው መሀላቸው ተቀመጡ።

"እናንተ ስትሄዱ እኔን ነው የሚጠይቀኝ" አሉ። "ሁልጊዜ። 'ቦሼ፣ ምን አለ? ለአንቺ የነገረሽ አለ?' ይለኛል። የለም እለዋለሁ። 'ተመስገን' ይላል። 'ምነው?' አልኩት አንድ ቀን፤ ሜላት የሄደ ቀን ነው። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን እያወለቀ ነበር። 'እሷ ብትናገር እኔም መናገር ነበረብኝ' አለኝ። 'ሌሊቱን ብትቆይ እናገር ነበር፤ ሄደች' አለ።"

እትዬ ቦሼ ተነሥተው ወደ ሌሎቹ ለቀስተኞች ሄዱ። ሜላት እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምትቆጨው ሳትናገረው በቀረችው ነገር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የምትቆጨው ሳትሰማው በቀረችው ሆነ።