በሰው ካፖርት መጽደቅ

በየሰፈሩ በሰው ዕቃ የሚጸድቅ ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈር ዕጣ የወጣው ለእኔው አክስት ነው። ክብርት እትዬ፣ የሕፃናት አስተማሪ፣ የመንገደኛ ሁሉ ጠበቃ፣ የቁም ሣጥኔ ጠላት! ሳሎናቸው ውስጥ የሰፈሩን ትንንሽ ልጆች ሰብስበው ደግነት ያስተምራሉ። ወጪው የወላጅ ነው።

ዘዴ አላቸው። የተቸገረ ሰው ያየ ልጅ፣ ትልቅ ሰው አጠገቡ ካለ፣ ከተቸገረው ፊት ለፊት ቆሞ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። "መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ችግር!" ይላሉ እትዬ ጣታቸውን ቀስረው። "ስሙን ሳትጠይቁ የሰጣችሁት እንደሆነ፣ ወረወራችሁለት እንጂ አልሰጣችሁትም።" ሲሰጥ ደግሞ በሁለት እጅ ነው። እስከዚህ ድረስ ማን ይጠላል? ጉዱ ያለው መጨረሻው ላይ ነው፦ "የማትፈልጉትን መስጠት ቤት ማጽዳት ነው! የሚወደደውን ስጡ!"

የማንን የሚወደድ? ልጄ ገና የወተት ጥርሷ አልረገፈም። ያላት አንድ አሻንጉሊትና አንድ አባት ነው።

አንድ ቀን ዝናብ ያበሰበሰው ሰውዬ በራችን ላይ ተጠለለ። ልጄ እኔ እያየኋት ስሙን ጠየቀች፣ ችግሩን ሰማች፣ ሮጣ ገባች። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ክርኑ የተቀደደ ካፖርት ተሰቅሏል፤ ከጎኑ ደግሞ አንዴም ያልለበስኩት አዲስ። የቱን ይዛ እንደወጣች መናገር አለብኝ?

"አሮጌውንማ አንተ ራስህ አትወደውም አባዬ" አለችኝ፣ ከልቧ አዝናልኝ።

የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ደግሞ አውቶቡስ ስትጠብቅ ወገቧን ለያዛት እርጉዝ የእናቷን ወንበር እየጎተተች ወሰደችላት። ደንበኛዋ ፀጉሯ አረፋ እንደሆነ ቆማ ቀረች። ኧረ የመንግሥት ያለህ!

ደሜ ፈልቶ ሄድኩ። "እትዬ፣ ከራስ በላይ ነፋስ ሲባል አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ" አሉ እርሳስ እየቀረጹ። "ያን የተናገረውን ሰው፣ በጭንቁ ጊዜ ስሙን የጠየቀው አልነበረም መሰለኝ።"

"በቃ! ከሰኞ ጀምሮ ልጄን ሌላ ቦታ አስገባታለሁ!"

የእርሳሱ ጫፍ ተሰበረ። "እንዳልክ" አሉ። ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ዓርብ ማታ ልጄን ለመጨረሻ ጊዜ ልወስድ ስገባ፣ እትዬ የተረት መጽሐፍ በክንዳቸው ልክ አርቀው ይዘው ዓይናቸውን ያጨነቁራሉ። ለካ አንድ ሽማግሌ የመድኃኒት ወረቀቱን ማንበብ አቅቶት በሩ ላይ ሲቸገር፣ የእኔዋ ጉድ የእትዬን መነጽር ከጠረጴዛ አንስታ ሰጥታዋለች።

"እሰይ!" አልኩ። "የራስ ሲሆንስ እንዴት ነው?"

"ያለሱ አንድ ፊደል አላይም እኮ!" ጮኹ እትዬ። የእውነት ተናደው ነበር። ከዚያ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ልጄ ዞሩ። "ስሙን ጠይቀሻል?"

"አዎ።"

"በሁለት እጅ?"

"በሁለት እጅ።"

"ጎበዝ" አሉ።

ልጄ ግን አልጨረሰችም። ከተቀመጡበት ፊት ለፊት ሄዳ ቆመች።

"ስምዎት ማን ነው?"

"አንቺ ልጅ፣ አስተማሪሽ ነኝ!"

"መጀመሪያ ስም!"

እትዬ ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ።

"ችግርዎትስ?"

"አላይም።"

ልጄ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረችና አፍንጫዬ ላይ ያለውን አየች።

"እንዳታስቢው!" አልኩ።

"በሁለት እጅ አባዬ" አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ወረቀቱ ላይ ተደፍቼ ነው፤ ፊደል ቢዛነፍ እትዬን ጠይቁ። ሰኞ ጠዋት ልጄ እጄን ይዛ እየመራችኝ እዚያው ሳሎን ተመለስን። እትዬ በር ላይ ቆመው፣ በገዛ መነጽሬ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ውይ በሞትኩት! ክርንህ ተቀዶ ነው የምትዞረው? ዛሬ ገና አየሁት! አምጣው፣ ልጣፍልህ።"

አሮጌውን ካፖርት አወለቅኩና ሰጠኋቸው፤ በሁለት እጅ።