ዝናብን የሚያግዙ ወላጆች

የልጃቸውን የቤት ሥራ ራሳቸው ሠርተው፣ «ጎበዝ» ተብሎ ሲመለስ የልጃቸውን ግንባር የሚስሙ ወላጆች አታውቁም? እኔ ከአንዱ ጋር ነው የምኖረው፤ አባቴ ነው።

አራተኛ ክፍል የምትማረው እህቴ ሜሮን ትምህርት ቤት የዝናብ መለኪያ ሠራች፦ አንገቱ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ፣ ጎኑ በማስመሪያ የተሰመረ። ግቢ ያድራል፤ ጠዋት ውሃው ተለክቶ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ወላጅ ይፈርማል። ሜሮን አንድም ቀን አላሳለፈችም።

አንድ ማታ ያካፋው ዝናብ አቧራ እንኳ አላጠፋም። ጠዋት ግን ፕላስቲኩ ጢም ብሎ ሞልቷል!

«አባዬ፣ ውሃ ጨመርክበት እንዴ?» አለች ሜሮን።

«ታዲያ በዚያች ጠብታ ስንተኛ ልትወጪ ነው?»

«እንዲህ ዘንቦ ቢሆን ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች በጀልባ ነበር የምንሄደው» አልኩት።

«አንቺ ዝም በይ! አንቺንም በጊዜው እንዲህ ባግዝሽ ኖሮ ዩኒቨርሲቲ ትገቢ ነበር።»

ሰማዩ ያጎደለውን ላሟላ ለሚል አባት ምን ይባላል? ሜሮን ግን እንባዋ መጣ። እውነተኛውን ልክ አሁን ማን ያውቀዋል? ስንት ጠዋት የለፋችበት ሠንጠረዥ ሊበላሽ ነው። በመጨረሻ አፍንጫዋን ጠርጋ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ዛሬ አልተለካም። ምክንያት፦ አባቴ።» ከዚያም እንዲፈርም ደብተሩን ሰጠችው።

አንብቦ ቀና ብሎ አያት። እኔ እንኳ ፈራሁ። ቀስ ብሎ እስክሪብቶዋን ተቀበለና «አባቴ» ከሚለው ቀጥሎ ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ ጻፈላት፤ መልሱ አልተሟላም ተብሎ ነጥብ እንዳይቀነስባት።