ሊቀ ፎልደር

ሰርቨር ያለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ሊቀ ፎልደር አያጣም። አንዲት ወረቀት ስጧቸው፤ ፎልደር ይከፍቱላታል። ፎልደሩ ብቻውን እንዳይሆን ደግሞ ሌላ ፎልደር ውስጥ ያስገቡታል። የእኛው ክቡርነታቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊው ናቸው። እኔ ከእሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጬ ፕሮግራም እጽፋለሁ።

ደብዳቤ ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ «ቀላል ነው!» ብለው ወንበር ይስባሉ። ወንበር ከተሳበ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ «ደብዳቤዎች» ይከፈታል፤ ከዚያ «የወጡ»፣ ከዚያ «ወጥተው የተመለሱ»፣ ከዚያ «ተመልሰው እንደገና የወጡ»። ዘጠነኛው ላይ እናንተ የመጣችሁበትን ትረሳላችሁ፤ እሳቸው ግን ደብዳቤውን ያወጡታል። አንድ ቀን «የመጨረሻ የመጨረሻ» የሚል ፎልደር ከፍቼ ውስጡ ምንም አጣሁ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ባዶ ነው።»

«ባዶ አይደለም፤ ባለቤቱን እየጠበቀ ነው።»

ባለፈው ወር አዲስ ሰርቨር ተገዛ። አለቃችን ሁላችንንም ሰብስቦ «ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ወደ አዲሱ አይሄድም፤ አሮጌው ሐሙስ ይደመሰሳል» አለ። ጋሼ የዚያን ቀን ምሳ አልበሉም። የአሥራ ስድስት ዓመት ድካማቸው እዚያ ውስጥ ነው፤ ዝርዝሩን የማወጣው ደግሞ እኔ።

በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ሃያ መስመር ፕሮግራም ጻፍኩ። ፎልደር ይከፍታል፤ ፋይል ካገኘ ይመዘግባል፤ ፎልደር ካገኘ እዚያም ገብቶ ያንኑ ይደግማል። መጨረሻ ላይ ሁሉም እንደተቀመጠው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ሆኖ፣ «ኦብጀክት» የሚባል አንድ ትልቅ የመረጃ ጥቅል ይሆናል። ዝርዝሩ እንዲያምር ባዶዎቹን ዝለል አልኩት። ከዚያ «ከምሳ በፊት ያልቃል» ብዬ ጉራዬን ነፋሁ።

ምሳ አለፈ፤ ማክሰኞም አለፈ። ፕሮግራሙ እንደገባ ቀረ፤ ሜሞሪው ሞልቶ ሰርቨሩ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ረቡዕ ጠዋት ጉዱን አገኘሁት። ዘጠነኛው ፎልደር ውስጥ «ወደ ቤት» የሚል አቋራጭ ተቀምጧል፤ መልሶ የሚወስደው ወደ መጀመሪያው ፎልደር ነው። ምስኪን ፕሮግራሜ ዘጠኝ ወርዶ፣ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ፣ እንደገና ዘጠኝ ይወርዳል። አልሸሹም ዞር አሉ!

«ጋሼ፣ ይኼን ማን አስቀመጠው?»

«እኔ ነኛ! ሰው እዚያ ድረስ ገብቶ በየት ይውጣ?»

አቋራጮችን እንዳይከተል ከለከልኩትና በግማሽ ደቂቃ ጨረሰ። ክቡርነታቸው የታተመውን ዝርዝር ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ግማሽ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«አንዱ የለም።»

«ባዶዎቹን ዘልያቸዋለሁ፣ ጋሼ። ምን ያደርጋሉ?»

ወንበር ሳቡልኝ። «ሠራተኞች» ከፈቱ፤ ከዚያ «ያሉ»፤ ከዚያ «የሚቆዩ»። እዚያ ውስጥ «ነገረኛዋ ልጅ» የሚል ባዶ ፎልደር አለ። የተከፈተው ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ቢሮው ሁሉ «ይቺ ወር አትሞላም» ሲለኝ በነበረበት ሳምንት። አራት ዓመት ሙሉ ስስቅባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ቦታ ይዘውልኛል።

ባዶውን የምትዘለውን መስመር ሰረዝኳትና ዝርዝሩን እንደገና አወጣሁ። ምንም አልቀረም።

ሐሙስ ጠዋት፣ አሮጌው ሰርቨር ከመደምሰሱ በፊት፣ ፕሮግራሜን ወደ አዲሱ በተሻገረው «ነገረኛዋ ልጅ» ውስጥ አስገባሁት። ብቻውን እንዳይሆን ግን መጀመሪያ ፎልደር ከፈትኩለት።