ኃይሉ ወረደ

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ የነሐሴ ዝናብ የጅማን ቆርቆሮ ሁሉ እንደ ከበሮ ይደልቃል። ወዳጄ፣ አምፑል በየሳምንቱ ሲቃጠልብህ ማንን ትረግማለህ? እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና ዕጣዬን እረግም ነበር። አወቱ መንደራ ሰፈር አንድ ቤት አብሮኝ የተከራየው ጓደኛዬ፣ የኤሌክትሪክ መምህሩ ግርማ፣ ግን መርገሙን ለእኔ ትቶ ይለካ ነበር።

ሲመረቅ የተሸለማቸው ሁለት መለኪያዎች ነበሩት። አንደኛው ቮልቴጅ ይለካል። ሁለተኛው የድግግሞሽ ነው፣ ጅረቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ያሳያል፤ ከመስተዋቱ ሥር ጥቃቅን የብረት ምላሶች ተደርድረውበታል። የከተማው ጄኔሬተር በደህና ሲዞር ሃምሳ የተጻፈባት ምላስ ትርገበገባለች፤ ሲደክም ከእርሷ በታች ያለችው ትረከባታለች። ምነው የዚያ የአብዮት ዘመን ምላስ ሁሉ እንዲህ እውነቱን ብቻ በተናገረ!

ያን ዕለት ግርማ ጓዳ ሶኬቱ ላይ ተደፍቷል፤ እኔ ሳሎን እርሱ እንዲለካ የኤሌክትሪክ ምድጃውን አበራለሁ፣ አጠፋለሁ።

«ኃይሉ ወረደ!» ብሎ ጮኸ። አጠፋሁ። «ተነሣ!» አበራሁ። «ወይ ጉድ፣ ደግሞ ወረደ! ይኼ ኃይል ወላዋይ ነው፤ እንዲህ ሆኖ አይዘልቅም!»

«ወላዋይ» በቀበሌ ስብሰባ ሰው የሚያሳስር ቃል ነበር። «ኃይሉ አይዘልቅም» የሚለውንማ ተወው፤ መንግሥት ይወድቃል እንደ ማለት ነው።

አከራያችን አባ ፊጣ አመድ መስለው በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ያ ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ ምን ነካችሁ? የቀበሌው ሊቀመንበር ዝናብ ሊያሳልፍ ከመስኮታችሁ ሥር ቆሞ ነበር። ሰላም እንኳ ሳይለኝ በዝናቡ ሮጠ፣ ወላሂ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ግርማ ቃሉን መመለስ ባይችል መለኪያዎቹን ማስረጃ እንዳይሆኑበት በካፖርቱ ጠቅልሎ ወጣ። ሳይጨልም ባዶ እጁን ተመለሰ። አወቱ ወንዝ ሞልቷል፣ የጣሉበትን ሁሉ ይወስዳል፣ አለኝ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም ጫማችንን እየፈለግን አነጋን።

ጠዋት ሊቀመንበሩ ባለ ጠመንጃ አስከትለው መጡ።

«ጓድ መምህር፣ ትናንት ስለ ኃይል ያልከውን ሰምቻለሁ። ዛሬስ ይወርዳል ትላለህ?»

ግርማ ቀጥ ብሎ ቆመ። «በፍጹም፣ ጓድ ሊቀመንበር! ኃይሉ ጽኑ ነው! አይወርድም፣ አይወላውልም!»

«ለክተኸዋል?»

«ለክቼዋለሁ!»

ሰውዬው እፎይ አሉ። «ጎሽ! ትናንት አንተን ሰምቼ በዝናብ ሮጬ አዲሱን ፍሪጄን ነቅዬው ነበር። እንግዲያው ልሰካው።»

ማን ደፍሮ «ቆይ፣ ኃይሉ ይወርዳል» ይበል?

ማታውን ከሊቀመንበሩ ግቢ የተቃጠለ ፍሪጅ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ መጣ። ሊቀመንበሩ ለማንም አቤት አላሉም። ምን ብለው? ኃይሉ ወረደ ብለው?

ከአፍ የወጣውስ ዝናቡን አሳልፎ በሰላም ሄደ፤ ከእጅ የወጣው ነው ያልተመለሰው። ግርማ የተሸለማቸው ሁለት መለኪያዎች ጠፉ።