የቴስታ ቆጣሪው

የሚቆጥር ሰው ሲመጣ አንድም ሊወስድ ነው፣ አንድም ሊሰጥ። ከብት ከቆጠረ ግብር አለ፤ ቤተሰብ ከቆጠረ ስንዴ ይኖራል። እንዲያው ለማወቅ ብቻ የሚቆጥር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ቆሰበሮች፣ የእንጅባራ ሰዎች፣ አላየንም።

ወዳጄ ግን ለዚያ መጣ። ከባሕር ዳር፣ ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት፣ በአውራ ጣት ሲጫኗት ቀጭ የምትል ትንሽ መቁጠሪያ ይዞ። ታዳጊዎች በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ ቴስታ እንደሚመቱ ይለካል፤ ሲደጋገም አንጎል ይጎዳ እንደሆነ ለማወቅ። (ቴስታ የጣልያን ቃል ነው፣ ጭንቅላት ማለት፤ ጭንቅላቱም የሌላ ሰው የሚመስለን ለዚህ ይሆናል።) ለልጆቹ ምክንያቱን አልነገራቸውም። ካወቁ ይጠነቀቃሉ፤ ከተጠነቀቁ ልኬቱ ይበላሻል።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ወሬ ግን ይገባል።

መጀመሪያ፣ ጃንጥላ ዘርግተው ከአጠገባችን የቆሙ አንድ አዛውንት መቁጠሪያዋን አዩና «አባ፣ ኳስ ሜዳም ይጸለያል እንዴ?» ብለው አሳቁን። ሁለተኛው ወሬ አላሳቀም፦ መልማይ ነው፤ ክለብ ልኮት ነው፤ ቴስታ የበዛለትን ይወስዳል።

ይበልጣል ይህን ሰማ። የአዲስ ቅዳም ከሰል አክሳይ ልጅ ነው፤ «አንተን ከከሰል የሚያወጣህ እግርህ ነው» ሲባል ያደገ። ያን ቀን እግሩን ረሳው። በደረት የሚበርደውን ኳስ በግንባሩ፤ መሬት ለመሬት የመጣውን እንኳ ተንበርክኮ በግንባሩ። የእንጅባራ ዝናብ ኳሷን አክብዷታል። ቀጭ። ቀጭ። ተመልካቹም «ጨምር የኔ አንበሳ!» ይላል።

«ንገረው እንጂ» አልሁት ወዳጄን።

«ጨዋታው ይለቅና።»

ከማዕዘን የተሻማችውን ገጭቶ ሲወርድ ይበልጣል ቆመ። ወደ እኛ መጣና «የኛ ጎል በየት በኩል ነው?» አለ።

ሜዳው አውካካ። እኛ አልሳቅንም።

አዛውንቱ ጃንጥላቸውን አቀበሉን፤ ልጁን ከሥሩ አስቀመጥነው።

«ስንት ሆነልኝ ጋሼ?»

ወዳጄ ሁሉንም ነገረው፦ መልማይ እንዳልሆነ፣ ክለብ እንደሌለ፣ የሚቆጥረው ለነሱው ጭንቅላት ፈርቶ እንደሆነ። ልጁ እንደ ትልቅ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። «ገባኝ» አለ። እኔም ተጸጽቶ ቴስታውን ይተዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ወደ ጤና ጣቢያ የምትወስደን ባጃጅ ስትቆም ወደ ወዳጄ ዞረ። ፊቱ በርቷል።

«ጋሼ፣ ስንት ሆነልኝ?» አለ፤ እንዳልጠየቀ፣ እንዳልተነገረው።

ሳያስበው ተጭኗት ነው መሰለኝ፣ መቁጠሪያዋ ከወዳጄ ኪስ ውስጥ ቀጭ ስትል ሰማኋት።