በኋላ በር ወደ ባሌ

ሀብት ያላጠራቀመ ሰው ቂም ያጠራቅማል። እኔ በቲያትር ጥበብ ተመርቄ ጎባ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ቂሜን ግን እንደ ሰንጋ አደልቤዋለሁ። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ሄጄ በትልቁ ቲያትር ቤት ለትወና ተፈተንኩ። ቦታውን የአለቃው የእህት ልጅ ወሰደው። «ይቅርታ እስኪጠይቁኝ ደጃቸውን አልረግጥም» ብዬ ማልሁ። ቲያትር ቤቱ ማኩረፌን እስከ ዛሬ አልሰማም።

ደጁን ተውኩ እንጂ ወሬውን አልተውኩም። መሠረቱን ማን እንደጣለ፣ መኳንንቱ የትኛው ወንበር ላይ ይቀመጡ እንደነበር ለተማሪዎቼ ስተርክ ደወል ይደወላል። መንኩሳ አመሏን ያልረሳችው ድመት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ጎረቤቴ ኦቦ ከድር ዳሌያቸው ተሰብሮ አዲስ አበባ ሲታከሙ አስታማሚያቸው ሆንኩ። ከሆስፒታል በወጡ ማግስት፣ «ስትረግመው የኖርከውን ቲያትር ቤት ሳላይ ጎባ አልመለስም» አሉ። የሚታየው ቲያትር ደግሞ ስለ እኛው ስለ ባሌ ነበር፤ ያውም ቅድመ አያቴ ጠመንጃውን አንግቶ ከሸዋ መጥቶ ጎባ ስለሰፈረበት ዘመን።

የቤቱን ደረጃ አይታችሁታል? መንግሥተ ሰማያት የሚያደርስ ይመስላል። ዘበኛው የኦቦ ከድርን ዊልቸር አየና፣ «አባባ፣ በዚህ አይሆንም። የመድረክ ዕቃ በሚገባበት በኋላ በር ዙሩ። መጋረጃው ሳይከፈት መድረኩን ቶሎ አቋርጡ፤ ወደ ወንበሮቹ የምትወርድ ጣውላ ከወዲያ ጫፍ አለች» አለ። እኔም በጓሮ ስለገባሁ መሐላዬ አልፈረሰም ብዬ ተጽናናሁ።

መሐል መድረክ ስንደርስ መጋረጃው ተከፈተ።

ከኋላችን በሸራ ላይ የተሳለ የባሌ ተራራ፣ ከፊታችን ጢም ያለ አዳራሽ። ካባ የደረበ ተዋናይ ጠመንጃውን ወድሮ ብቅ አለና፣ «ሰው ያልረገጠው ባዶ አገር!» ብሎ ሲያበቃ ዓይኑ እኛ ላይ ወደቀ። ጠጉሩ ቢሸብትም አወቅኩት። የአለቃው የእህት ልጅ! ለዚህች ቅጽበት ዕድሜዬን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። አሁን የመጀመሪያዋን ቃል ፍለጋ ገባሁ።

እሱ ግን ሚናውን ሳይለቅ፣ «እናንተ ደግሞ ከየት መጣችሁ?» አለ።

ኦቦ ከድር ተራራውን ዞር ብለው አዩና፣ «እኛማ እዚሁ ነበርን። ይልቅ አንተ ማነህ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ? አሁን ገና የመጣኸው አንተ ነህ» አሉ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የሰፋሪው የልጅ ልጅ ልጅ፣ ዊልቸሩን እንደያዝኩ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ማንም አላየኝም።

ቲያትሩ ሲያልቅ አዘጋጁ እየሮጠ መጥቶ የኦቦ ከድርን ጉልበት ሳመ። «አባባ፣ በሞቴ፣ እዚሁ ይሰንብቱና ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወቱልን!»

ኦቦ ከድር፣ አላህ ይስጣቸው፣ ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይኼንንም ያዙት እንጂ። የተማረው ለዚሁ ነው።»

አዘጋጁ ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘኝ።

«ዊልቸር የሚገፋ ሰውማ አለን» አለ።