ልጄ በፈቃድ የመጣ ጊዜ

ስለዚያ ክረምት ስጽፍ አንዳንድ ነገር መሳሳቴ አይቀርም። ልጃችን ኪሮስ የመጣው በሰኔ ይሁን በሐምሌ እኔና ባለቤቴ ብርነሽ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። እሷ ሰኔ ትላለች፤ እሷ የምትለው ብዙ ጊዜ ልክ ስለሚሆን እናንተም ሰኔ ብላችሁ ያዙልኝ።

ልጅ ሲያድግ ከቤት ይወጣል ብለን ነው የምናሳድገው። ሲወጣም ቦታው ወዲያው ይሞላል፤ አልጋው ላይ የእህል ጆንያ ይወጣል፣ ምስማሩ ላይ የሌላ ሰው ልብስ ይሰቀላል። ተመልሶ ቢመጣስ ብሎ ቦታ የሚያቆይ ወላጅ አላየሁም፤ ሟርት ይመስላል። እኔ ባጃጅ ስሳፈር እንኳ ሹፌሩን ፍሬንህ ይይዛል ወይ ብዬ ሁለቴ የምጠይቅ ፈሪ ነኝ፤ ልጄ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ግን አልፈራሁም። ኪሮስ የውኃ ምሕንድስና ሊማር በሄደ በዓመቱ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ቀፎ ንብ አስገባሁበት። በእኛ በዋግ ንብ ከሰው ጋር በአንድ ቤት ቢያድር ነውር የለውም።

ተመርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈለገ። በመጨረሻ አንድ ሻንጣ ይዞ ሰቆጣ መናኸሪያ ወረደ። የክፍሉን በር ከፍቶ ቆመ።

«አባ፣ የምወጣው እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?»

ሳቅን። አመሻሹ ላይ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ ተሸክመን ጓሮ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ አኖርናቸው። ንቦቹ ግን ለብዙ ቀን ወደ አሮጌው መስኮት እየተመለሱ ያንዣብቡ ነበር። ኪሮስም መስኮቱን አልዘጋባቸውም።

እንደዚያ ክረምት የምወደው ሌላ ክረምት የለኝም። የፈረሰውን ካብ አብረን ጠገንን። የጣሪያውን ውኃ በርሜል ውስጥ የሚያስገባ ቦይ ሠራልን። ብርነሽ በኽምጣንጋ ስትቆጣው እሱ በአማርኛ ይመልስላታል፤ ያን ጊዜ ይብስባታል። ከአንድ ትሪ ሦስት ሆነን በላን። ታዲያ ይህ ለሰው ይነገራል? ልጄ ሥራ አጥቶ ቤት በመዋሉ ደስ ብሎኛል ይባላል እንዴ?

አይባልም። ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ነው።

የሚካኤል ማኅበር ተራው የጎረቤታችን የአያ ምስጋናው ነበር። ጽዋው ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ፣ «ኪሮስን አየሁት፤ ምነው ሰነበተ?» አሉኝ አያ ምስጋናው። አፌ ቀደመኝ።

«በፈቃድ ነው የመጣው» አልኩ።

ጽዋውን በእጄ ይዤ! ሌላ ቦታ ብዋሽ ንስሐ ገብቼ እገላገል ነበር። ማኅበርተኛ ግን የሰማውን አይረሳም፤ ወር ጠብቆ ይመጣል።

በወሩ ተራው የእኛ ሆነ። ኪሮስ ጠላ ሲቀዳ አያ ምስጋናው በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

«አንተ፣ መሥሪያ ቤትህ ስንት ወር ነው ፈቃድ የሚሰጠው? እኛንም አስቀጥረና!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኪሮስ ወደ እኔ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ሊያልቅ ነው፣ አያ» አለ ቀስ ብሎ። «በዚህ ሳምንት እመለሳለሁ።»

እንግዶቹ ሲሄዱ፣ «የትም አትሄድም። እየዞርኩ ጽዋ ይዤ ዋሽቻለሁ እላቸዋለሁ» አልኩት። ከልቤ ነበር፤ ይመስለኛል።

«ጽዋ ይዘው የተናገሩትን?» አለኝ። «እርስዎን ውሸታም ከማስባል እኔ ብሄድ ይቀለኛል። ደግሞስ እስከ መቼ ከንብ ጋር እጋፋለሁ?»

ብርነሽ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን በወልድያ አውቶቡስ ሄደ። አያ ምስጋናው መናኸሪያ ድረስ መጥተው፣ «አለቃህን እንዳታስቀይም» ብለው መረቁት። ኪሮስም ጉልበታቸውን ስሞ አሜን አለ።

ቀፎዎቹ ዛሬም ጓሮ ናቸው። ብርነሽ ብርድ ሊገድላቸው ነው፣ እናስገባቸው ትለኛለች። እኔ እንቢ አልኩ። መልሼ ካስገባኋቸው እሱ የሚመጣ አይመስለኝም።

በመስቀል ማግስት ደወለ። ነፋስ ያለበት ቦታ ነበር መሰለኝ፣ ድምፁ ይቆራረጣል። የት ነህ ስለው ሥራ ላይ ነኝ አለኝ። ምን ሥራ ስለው ነፋሱ ብቻ መለሰልኝ። መቼ ትመጣለህ አልኩት።

«ፈቃድ ሲሰጡኝ፣ አባ። አያ ምስጋናውን ሰላም ይበሉልኝ።»

እሺ አልኩት። ይህን መልስ ከማን እንደተማረ ስለማውቅ ሌላ አልጠየቅሁም። ጥምቀትም መጥቶ አለፈ፤ ከዚያ ከመስቀል ማግስት ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም።